የኢኮ ጠላት

«ያ የኢኮ ጠላት ሞተብሽ እኮ» አለችኝ አንዲት የድሮ የናዝሬት ጎረቤቴ፣ አርሲ ነገሌ እህል ተራ ላይ ድንገት ተገናኝተን። ስሙን አልጠራችውም፤ መጥራትም አላስፈለጋትም። ናዝሬት ውስጥ የኢኮ ጠላት አንድ ሰው ብቻ ነበር። ከመናኸሪያው ወረድ ብሎ ሙዚቃ ቤት የነበረው ጋሽ ደቻሳ ነው።

እኔ ስሰማ ሰልስቱ አልፏል። ስለ ቀብሩ ስጠይቃት መጀመሪያ አንገቷን ደፋች፤ ትንሽ ቆይታ ግን ነጠላዋን አፏ ላይ አደረገች። «የዕድሩ ሰዎች ማይክራፎን ተከራይተው መጡልሽ» አለች። «የሕይወት ታሪኩን ማንበብ ሲጀምሩ ‘ደቻሳ... ቻሳ... ሳ... ሳ...’ አይልም መሰለሽ! ሰው እርስ በርሱ ተያየ። አንድ ሽማግሌ ብድግ ብለው ‘ዝጉት፣ ዝጉት! አሁን ከሣጥኑ ይነሳል!’ አሉ።»

እህል ተራ መሐል ቆመን በሳቅ ፈረስን። ሳቁ ሲያልቅ እሷ ጤፏን ተሸክማ ሄደች፣ እኔ ግን የመጣሁበትን ረስቼ ባዶ እጄን ቤቴ ገባሁ።

የዚያን ጊዜ ያልነበራችሁ እንዳትቸገሩ ልንገራችሁ። በደርግ ዘመን ዘፈን በካሴት ሆኖ እንደ ጎርፍ ሲወርድ፣ አብሮት ኢኮ የሚባል መሣሪያ መጣ። ዘፋኙ አንዴ «ፍቅሬ» ያለ እንደሆነ መሣሪያው ከአፉ ተቀብሎ «ቅሬ... ሬ... ሬ...» እያለ ያስተጋባለታል። አገሩ ሁሉ አበደለት። ጋሽ ደቻሳ ብቻ እንደ ሌባ አየው።

«ኢኮ ማለት በሌለ ቤት ውስጥ መዝፈን ነው» ይል ነበር። «አዳራሹ የለም፤ ተራራው የለም። ታዲያ ማነው የሚመልስለት?» ይህን ሲል ድምፁን ዝቅ ስለሚያደርግ፣ በዚያ በናዝሬት ሙቀት ጀርባዬን ይበርደኝ ነበር።

እኔ የሙዚቃ ቤቱ በረንዳ ላይ የስፌት መኪና ዘርግቼ የሴት ቀሚስ እሰፋ ነበር። ፊደል የቆጠርኩት በመሠረተ ትምህርት ነው፤ ማንበብ የለመድኩት ግን በካሴት ሽፋን ነው። አዲስ ካሴት በመጣ ቁጥር ጋሽ ደቻሳ ሽፋኑን ያቀብለኝና «ዘኒ፣ እስቲ አንብቢልኝ፤ ዓይኔ ደከመ» ይለኛል። እኔም እየተኮላተፍኩ የዘፈኑን ርዕስ ሁሉ አነብለታለሁ። ዓይኑ ከእኔ የተሻለ እንደሚያይ ያወቅሁት ማንበብ ከለመድኩ ከብዙ ጊዜ በኋላ ነው።

ረጅም፣ ቀጭን ሰው ነበር፤ በቀትር ፀሐይ የሱፍ ቆብ የሚያደርግ። «ጆሮ ብርድ አይወድም» ይላል ሲጠይቁት። ዘፈን ሲሰማ ዓይኑን ይጨፍንና ሁለት ጣቶቹን የድምፅ ማጉያው ጨርቅ ላይ ያሳርፋል፤ ልክ ሐኪም የበሽተኛ ክንድ ላይ እንደሚያደርገው። ከዚያ ፍርዱን ይሰጣል። «ይሄ ልጅ ጉንፋን ይዞት ነው የቀዳው።» «ይቺ ዘፋኝ ከመግባቷ በፊት አልቅሳለች።» እውነት ይሁን ውሸት ማን ያረጋግጣል? እኛ ግን እናምነው ነበር።

አዲስ ካሴት ከአዲስ አበባ በአውቶቡስ የሚመጣበት ቀን የከተማው ወጣት በሙሉ በረንዳዬ ላይ ይቆማል። ዋናውን ለመግዛት የማይችለው አሮጌ ካሴቱን ይዞ ይመጣል፤ ጋሽ ደቻሳ በአሮጌው ላይ አዲሱን ይቀዳለታል። አንድ የማይጥሰው ሕግ ነበረው። ሳያዳምጥ አይቀዳም። የመጣለትን ካሴት መጀመሪያ ከዚህም ከዚያም ይሰማል። «ሰው የሚያጠፋውን አያውቅም» ይላል። አንዴ ከአንዱ ጋሪ ነጂ ካሴት ውስጥ የሰርጉን እልልታ አግኝቶ፣ «አንተ ሚስትህን ልታስጠፋኝ ነው?» ብሎ መልሶለታል።

ዘፈን ብቻም አይደለም። የድምፅ ደብዳቤም ይቀዳ ነበር። መጻፍ የማይችል ወይም መጻፍ የሰለቸው ሰው ማይክራፎኑ ፊት ቁጭ ብሎ ለዘመዱ ሰላምታውን ይናገራል፤ ካሴቱ በሰው እጅ ይላካል። አንድ የጭነት መኪና ረዳት ለሚስቱ ሲቀዳ «ጋሼ፣ ትንሽ ኢኮ ጣል አድርግልኝ» አለው።

«ለምን?»

«እንደ ሬዲዮ እንዲያምር ነዋ!»

«ሚስትህ ከጉድጓድ የምትጠራት መስሏት ጠበል ትሄዳለች። ቁጭ በልና እንደ ሰው ተናገር።»

ከእሱ ጋር ሳይታክት የሚከራከረው ሳሚ ነበር። ሳሚ የቀበሌያችን ኪነት ቡድን ኦርጋን ተጫዋች ነው፤ ጎፈሬው በበሩ ጎንበስ ሳይል አይገባም። የኪነቱን የኢኮ መሣሪያ የሚይዘው እሱ ስለነበር ልጁን እንደነኩበት አባት ነበር የሚቆጣው።

«ጋሼ፣ ኢኮ የሌለው ዘፋኝ እኮ ካባ ያልለበሰ ሙሽራ ነው!»

«ካባው ሲወልቅ ሙሽራው ከሌለስ?»

«ይሄ ጆሮህ እኮ ጃንሆይ ጊዜ ላይ ቆሟል።»

«ቢቆም ይሻለዋል፤ የአንተ ሲሮጥ የት እንደገባ አይታወቅም።»

እንዲህ ሲባባሉ ይውላሉ፤ ሲመሽ ሻዩን የሚከፍልለት ጋሽ ደቻሳ ነው።

አሁን ወደዚያ ቀን ልምጣ።

ጠዋት አዴ ጫልቱ ከወለንጪቲ መጡ። ባላቸው የሞተባቸው፣ አንድ ልጅ ብቻ ያላቸው ሴት ናቸው። ልጃቸው ገመቹ ለብሔራዊ ውትድርና ተወስዶ ሰሜን ጦር ሜዳ ነበር። ከዚያ በጓደኛው እጅ አንድ የድምፅ ደብዳቤ ልኮላቸዋል፤ ከዚያ ወዲህ ግን ወሬው ጠፍቷል። ቴፕ ስለሌላቸው ጎረቤት ቤት እየሄዱ ሲያዳምጡ፣ አንድ ቀን የጎረቤቱ ቴፕ ክሩን በልቶ ቆራረጠባቸው። ካሴቱን በመሐረብ ቋጥረው፣ በእህል መኪና ተሳፍረው ያመጡት ለማስጠገን ነው።

ጋሽ ደቻሳ ሦስት ቦታ የተበጠሰውን ክር ቀጣጠለና «ሞክሬ አስረክብዎታለሁ፤ ገበያዎን ጨርሰው ይምጡ» አላቸው። ካሴቱን ባንኮኒው ላይ፣ መሐረቡ አጠገብ አስቀመጠው።

አውቶቡሱ የመጣው ያኔ ነው። አዲስ ካሴት! የአንዲት ስሟ ያልተሰማ ልጅ። ጋሽ ደቻሳ የመጀመሪያውን ዘፈን ሲከፍት የበረንዳው ሰው ሁሉ ወደ በሩ ተጠጋ። ድምፅዋ ከሩቅ እየመጣ፣ እየራቀ፣ እንደገና እየመጣ ሰውነት ይወርራል።

ሳሚ ጭንቅላቱን ያዘ። «ይሄ መሣሪያ አይደለም! ተሰጥኦ ነው! ተፈጥሮ ነው!»

«ተፈጥሮ?» አለ ጋሽ ደቻሳ፣ ጣቶቹን ጨርቁ ላይ እንዳሳረፈ። «ይቺ ልጅ የት ሆና ነው የምትዘፍነው? ትንፋሽዋ የታለ? ሰው እኮ ይተነፍሳል።»

«መንፈስ ናት ጋሼ! ሰማይ ላይ ናት!»

«ሰማይ ላይ ከሆነች ቀጂው ማን ነው?»

ሰው ሳቀ። ሳሚ ተናደደ፤ ጋሽ ደቻሳም ጋለ። እየተከራከረ የሰውን ካሴት በቀኝ እጁ ያነሳል፣ ይከታል፣ ይቀዳል፣ ያወጣል። አንዱን ሲቀዳ ለሌላው መልስ ይሰጣል። በዚያች ቀን ብቻ ሕጉን ረሳው። ሳያዳምጥ ቀዳ።

ቀትር ሆነ። የናዝሬትን ቀትር የሚያውቅ ያውቀዋል። ጋሪው ይቆማል፣ ሱቁ ግማሽ በሩን ይዘጋል፣ መንገዱ ላይ የሚንቀሳቀሰው አቧራ ብቻ ነው። እናቶቻችን «በቀትር ውጭ አትቁሙ፤ ጋኔን የሚሄድበት ሰዓት ነው» የሚሉት ለዚህ ይመስለኛል። ሰዉ ተበትኖ በቤቱ ውስጥ ጋሽ ደቻሳና ሳሚ፣ በበረንዳው ላይ እኔ ብቻ ቀረን። ጋሽ ደቻሳ የቀዳቸውን አንድ በአንድ እየሞከረ ነበር።

የአንዱ ካሴት የመጀመሪያ ዘፈን አለቀ። ኢኮው እየሳሳ ሄዶ ጠፋ። ሁለተኛው ዘፈን ከመጀመሩ በፊት፣ በዚያች ባዶ ቦታ ላይ፣ ከውኃ ሥር እንደሚጠራ ሰው ሆኖ አንድ ወንድ «ሃርሜ» አለ።

እናቴ ማለት ነው፤ በኦሮምኛ።

እግሬ መርገጫው ላይ ደረቀ።

«ሰማህ?» አለ ሳሚ በደስታ ዘሎ። «ይሄን ኢኮ ሰማህ? ከበስተጀርባ ሰው አስገብተውበታል! ይሄ ነው ጥበብ ማለት!»

ጋሽ ደቻሳ መልሶ አጠነጠነው። ዘፈኑ አለቀ፤ ጸጥ አለ፤ «ሃርሜ... አኒ ነጋዳ።» እናቴ፣ እኔ ደኅና ነኝ።

«ኢኮ አይደለም» አለ ጋሽ ደቻሳ። ድምፁ የእሱ አይመስልም። «ኢኮ ሌላ ድምፅ ተከትሎ ነው የሚመጣው። ይሄ ማንንም አልተከተለም።»

ካሴቱን አውጥቶ አገላበጠው። ስም የለውም። ከዚያ ባንኮኒው ላይ ብቻውን የቀረውን መሐረብ አየ። ፊቱ አመድ ሲሆን አየሁት።

ነገሩ እንዲህ ነው። ቴፕ አዲስ ሲቀዳ አሮጌውን የሚያጠፋበት አንዲት ትንሽ ብረት አለችው። የጋሽ ደቻሳ መቅጃ አሮጌ ስለነበር ያቺ ብረት ተበልታለች። ጥቁር ሰሌዳ በእጅ ሲጠርጉት የትናንቱ ፊደል ከጠመኔው ሥር እንደሚታየው፣ የገመቹም ድምፅ ከዘፈኑ ሥር ቀርቷል። ዘፈን ባለበት አይሰማም። በዘፈንና በዘፈን መሐል ባለው ባዶ ቦታ ግን ይመጣል፤ የተቀረው ጠፍቷል።

ሳሚ ሲገባው ጎፈሬውን በሁለት እጁ ይዞ ተቀመጠ። «ጋሼ፣ ቴፑ በላው በላቸው። ድሮም ተበልቶ ነው የመጣው። ማን ያውቃል?»

«እኔ አውቃለሁ።»

«እናት ናቸው እኮ! ልባቸው ቀጥ ይላል!»

«ስለዚህ እንዋሻቸው? ኢኮ እናድርግላቸው?»

አዴ ጫልቱ ገበያቸውን ጨርሰው ሲመጡ ወንበር ሰጣቸው፤ እሱ ግን ቆሞ በኦሮምኛ ነገራቸው። እኔ ኦሮምኛ የተማርኩት በገበያ ስለሆነ ሁሉን አልሰማሁም፤ «አጠፋሁት» ያለውን ግን ሰማሁ። ይጮሃሉ ብዬ ጠበቅኩ። አልጮኹም። «አሰማኝ» አሉት።

ዘፈኑን ከፈተ። ያቺ ልጅ ከነኢኮዋ ዘፈነች፣ ዘፈነች፤ ለእኔ ዓመት መሰለኝ። ከዚያ አለቀች። «ሃርሜ... አኒ ነጋዳ።» ከሁለተኛው ዘፈን በኋላ የብዙ ወንዶች ሳቅ። ከሦስተኛው በኋላ «ቦሩ...»። ነገ፣ አለና ዘፈኑ ወጣበት።

አዴ ጫልቱ እጃቸውን ማጉያው ላይ አደረጉ። «ጅራ» አሉ። «አለ። ወደ ታች ወርዷል እንጂ አለ።»

ጋሽ ደቻሳ ሊያጽናናቸው አፉን ሲከፍት ቀደሙት። «አንተ ድምፅ ታውቃለህ ይላሉ። ጉንፋኑን ታውቃለህ፤ ልቅሶውን ታውቃለህ። ልጄ በሕይወት አለ?»

ሳሚ ከኋላቸው ሆኖ «አለ በላቸው» እያለ በእጁ ይለምነዋል። ጋሽ ደቻሳ ካሴቱን አቆመ። «አዴ ጫልቱ፣ እኔ የምሰማው ይህን ሲናገር በሕይወት እንደነበረ ብቻ ነው።»

ካሴቱን አልወሰዱትም። «የዚያ ጎረቤት ቴፕ ይበላዋል፤ አንተ ዘንድ ይቀመጥ» አሉ። ከዚያ ወዲያ በየገበያው ቀን፣ ቀትር ላይ፣ እህላቸውን ሸጠው ይመጣሉ። ጋሽ ደቻሳ ዱካ ያወጣላቸዋል። ጆሯቸውን ጨርቁ ላይ ለጥፈው ያቺን ዘፋኝ እስክትጨርስ ይታገሷታል፤ በየመሐሉ ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል። የሚመልሱለት ይመስለኛል። ሰላምታ ይሰጡታል፤ ስለ ላሞቹ ይነግሩታል፤ «ነገ ምን?» ይሉታል። ዘፈኑ ይሸፍነዋል። ይጠብቃሉ።

ወሬው ከተማውን ሞላው። ሙት የሚናገርበት ሙዚቃ ቤት ተባለ። ወጣቱ በቀትር ማለፍ ፈራ። አንድ ቀን የቀበሌው አብዮት ጠባቂ ጠመንጃውን አንግቶ መጣና «በዘፈን ውስጥ ድብቅ መልእክት አለ ተብሏል! አሰሙኝ!» አለ። ጋሽ ደቻሳ አሰማው። ያ «ሳይንስ እንጂ መንፈስ የለም» እያለ በየስብሰባው የሚያስተምረን ሰው፣ «ሃርሜ» ሲባል ሦስት ጊዜ አማተበ። ወጣ። ዳግመኛ በእኛ በኩል ሲያልፍ አላየነውም።

እኔም አልሳቅኩም። ምክንያቱም በሌሎቹም ካሴቶች መስማት ጀምሬ ነበር። ዘፈን ባለቀ ቁጥር ስፌቴን አቆምና በዚያች ባዶ ቦታ ላይ ጆሮዬን እጥላለሁ። አንዳንዴ ሽሽሽ ብቻ ነው። አንዳንዴ ግን ሽሽታው ውስጥ አንድ ሰው ለመናገር አየር የሚስብ ይመስለኛል። ለጋሽ ደቻሳ ስነግረው «እኔም እሰማለሁ» አለኝ። ያጽናናኛል ብዬ ነበር እኮ የነገርኩት።

መክሳት ጀመረ። ክርክር ተወ። ያቺን የተበላች ብረት አስለወጠ፤ ሲያስለውጥ «የዘገየ ሐኪም» አለ ራሱን። አዲስ ካሴት ቢመጣም ዝም ብሎ ይሸጣል። በመጨረሻ ሳሚ አላስችል ብሎት የኪነቱን ዕቃ በጋሪ ጭኖ መጣ። የኢኮ መሣሪያውም፣ ወፍራሙንና ቀጭኑን ድምፅ ለይቶ የሚያነሳ የሚጥል ኢኳላይዘር የሚሉትም ነበር።

«ጋሼ፣ ዘፈኑን ጥዬ እሱን ላንሳው። አንዴ ብቻ ፍቀድልኝ።»

የድሮው ጋሽ ደቻሳ ቢሆን ዕቃውን ከነጋሪው በመለሰው። «ቀጥል» አለ ብቻ፤ አዴ ጫልቱን አጠገቡ አስቀምጦ።

ሳሚ ሲያነሳ ሲጥል ቆይቶ ቁልፉን ለቀቀው። «ሃርሜ!» ቤቱ ተናወጠ። ግን ምን ዓይነት «ሃርሜ» ነው? ቀጭን፣ ባዶ፣ እንደ ቆርቆሮ፤ ብዙ ሰዎች በአንድ አፍ የሚናገሩ ይመስል ነበር። ሳሚ እንዲለሰልስ ብሎ ኢኮ ጨመረበት፤ ባሰ። ክፍሉ ውስጥ የሌለ ቤት ተሠራ፤ በዚያ ቤት ውስጥ አንድ ነገር እናቱን ይጠራል።

አዴ ጫልቱ ተነሥተው ወደ በሩ ሸሹ። «አጥፉት! ይሄ ልጄ አይደለም። የልጄን ድምፅ የለበሰ ነው።»

ጋሽ ደቻሳ ክርክሩን ረትቷል። እንዲህ ረትቶ ግን አያውቅም ነበር፤ ዕቃውን ሁሉ መደርደሪያ ላይ አውጥቶ እንደ ሬሳ በአቡጀዲ ሸፈነው። ሳሚም «መልሱልኝ» አላለም።

ወራት አልፈው ገመቹ መጣ።

በሕይወት! አንገቱን ቆስሎ፣ ተሰናብቶ መጣ። ወለንጪቲ እልል አለች ተባለ፤ ጋሽ ደቻሳ የሱፍ ቆቡን አውልቆ ወደ ላይ ሲወረውር ለመጀመሪያ ጊዜ መላጣውን አየሁት። የሚቀጥለው የገበያ ቀን አዴ ጫልቱ ሲመጡ ስኳር ገዝተን ጠበቅናቸው። ሳምናቸው፣ አቀፍናቸው። እሳቸው ግን ዱካቸውን ራሳቸው አውጥተው ተቀመጡ። «ክፈትልኝ» አሉ።

«ምኑን?»

«ልጄን።»

ጋሽ ደቻሳ እኔን አየኝ። «አዴ ጫልቱ፣ ልጅዎ ቤት ነው ያለው።»

«ቤት ያለው ይተኛል፤ ይበላል፤ አጥሩን ያያል። ጥይቱ ጉሮሮውን በልቶታል፤ ሲናገር እንደ ገለባ ነው፣ አይሰማኝም። ይሄኛው ይናገራል። ክፈትልኝ።»

ከፈተላቸው። ምን ያድርግ? በሚቀጥለውም ገበያ መጡ፤ በሚቀጥለውም። ሙታን የሚያስፈሩ ይመስለኝ ነበር። ልጃቸው በሕይወት ቤታቸው እያለ፣ እሱን ከዘፈን ሥር እንደሚፈልጉ እናት ግን ያስፈራኝ የለም። ጋሽ ደቻሳ አንድ ቀን እህል መኪናው ሲሄድ ለሾፌሩ ጠጋ ብሎ የሆነ ነገር ሲነግረው አየሁት። በሚቀጥለው ገበያ አዴ ጫልቱ ጆሯቸውን ለጥፈው ሳሉ አንድ ረጅም ልጅ፣ አንገቱ ላይ ሻርፕ ጠምጥሞ፣ በሩ ላይ ቆመ።

«ሃርሜ... አኒ ነጋዳ» አለ ካሴቱ።

ልጁ ግድግዳውን ያዘ። የገዛ ድምፁ ነው። ከዚያ የነዚያ ወንዶች ሳቅ ሲመጣ ዓይኑን ጨፈነ። ከንፈሩ ተንቀሳቀሰ፤ ስም እየጠራ ነበር፤ ግን ከገለባ መሰባበር በቀር የተሰማ የለም። ወደ እናቱ ሄዶ ትከሻቸውን ያዘ። ተናገራቸው። እሳቸው ጆሯቸውን ከማጉያው ሳያነሱ «ቆይ፣ እየተናገረ ነው» አሉት።

ጋሽ ደቻሳ ያደረገውን ልንገራችሁ። ካሴቱን አቆመ። መደርደሪያው ላይ ወጥቶ አቡጀዲውን ገፈፈና ያን የጠላውን ዕቃ ከነማይክራፎኑ አወረደ። ሳሚ ሮጦ ገመዱን ሰካለት። ድምፁን እስከ ጥግ ከፍ አድርጎ፣ ማይክራፎኑን ለገመቹ ሰጠው። «ከአፍህ አስጠጋው። አትጩህ። እንደምትችለው ተናገር።»

ገመቹ ተነፈሰ። ትንፋሹ ቤቱን ሞላው። ከዚያ ያ የተሰበረ ድምፅ፣ ሻካራ፣ እንደ አሸዋ ሆኖ ወጣ፦ «ሃርሜ፣ ወደ እኔ ዙሪ።»

አዴ ጫልቱ ዞሩ። ልጃቸውን ከአፉ ጀምረው አዩት፤ የሚያወጣው እሱ መሆኑን እንደሚያረጋግጥ ሰው እጃቸውን ጉሮሮው ላይ አደረጉ። «ነገ ብለህ ነበር» አሉት። «ነገ ምን ልትለኝ ነበር?»

«ረሳሁት» አለ በማይክራፎኑ። «እውነቴን ነው፣ ረሳሁት። ስንቴ ነገ አልን እኮ።»

እናቱ አለቀሱ። ሳቁም። ልጁ ወደ መቅጃው እያመለከተ ለጋሽ ደቻሳ «ከሚስቁት አንዳቸውም በሕይወት የሉም» አለው። «እናቴ እነሱን እየሰማች እንድትኖር አልፈልግም። በላዩ ቅዳኝ።»

ጋሽ ደቻሳ እጁን ወደ ኋላ ሰበሰበ። «እኔ አንዴ አጥፍቻለሁ። ሁለተኛ አላጠፋም።»

«እኔ አዝዤሃለሁ» አሉ አዴ ጫልቱ። ራሳቸው ጣታቸውን ልከው «የቱ ነው የሚጫነው?» አሉት። አሳያቸው። ተጫኑት። ያቺ አዲሷ ብረት ዞራ ዞራ ምንም እንደማታስቀር ሁላችንም እናውቅ ነበር።

ገመቹ ስለ ክረምቱ ጠየቀ፤ እናቱ መለሱ። ስለ አጥሩ ተጨቃጨቁ። ካሴቱ እየዞረ ነው። የልጁ ድምፅ እየደከመ፣ እየሳሳ ሄደ። ሳሚ ሁልጊዜ እንደሚያደርገው አፉን ማሰር አቃተውና «ጋሼ፣ ትንሽ ኢኮ ብናደርግለት...» አለ።

«ንካውና እጅህን ታጣለህ!»

«ተው ደቻሳ» አሉ አዴ ጫልቱ፣ ዓይናቸውን ከልጃቸው ሳያነሱ። «ደክሞታል። ትንሽ አድርግለት። እሱ እዚህ ቆሟል፤ ድምፁ የፈለገውን ይልበስ።»

ጋሽ ደቻሳ ሳሚን በክርኑ ገፋ አደረገው። ዓይኑን ጨፈነ፤ በሁለት ጣቱ የኢኮዋን ቁልፍ ያዘና፣ በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ በጣም በትንሹ አዞራት።